የትራፊኩ ምራት ብድግ ያለች ቀን

ላውንድሪ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «የትራፊኩ ምራት» ነው የሚሏት፤ እሷም አቤት ትላለች። ካውያ ይዛ ያደገች ሴት ናት። የሆቴል አንሶላ በሉት፣ የሐኪም ጋዋን በሉት፣ የሙሽራ ሸሚዝ በሉት፣ በእጇ ያላለፈ ጨርቅ የለም። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል። «አንዱ እጄ የወንድ ነው፤ ባሌ ሳያውቅ ሁለት ሰው ነው ያገባው» ትላለች።

ሰዉን የምትገድለው ግን አማቷን ስታስመስል ነው። አማቷ፣ ማለትም የባሏ አባት፣ ዕድሜ ልኩን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ካውያዋን ታስቀምጥና ደረቷን ትነፋለች፣ አገጯን ትሰቅላለች፣ ያንን ወፍራም ክንዷን ወደ ፊት ወርውራ መዳፏን ትደቅናለች፤ «ቁም!» እንፋሎቱ ራሱ ቀጥ የሚል ነው የሚመስለው። ልብስ ተኳሾቹ ሆዳቸውን ይይዛሉ። «ጡረታ ወጥቶም እጁ አላረፈም እኮ፤ ድመት ሳሎን ስታቋርጥ እጁን አንስቶ ነው የሚያሳልፋት» ትላቸዋለች። ማን ነገራት? ማንም። ራሷ ናት የፈጠረችው።

ፊቱ ስትቆም ግን ሌላ ሴት ናት።

ነገሩ ከሰርጓ ቀን ነው የሚጀምረው። ሰውየው ልጁ ሚኒባስ ነጂ መሆኑን ገና ሳይውጠው፣ «ልብስ ተኳሽ ላገባ ነው» ሲለው ጊዜ «በሉ እናንተ ጨፍሩ፣ እኔ ሥራ ገቢ ነኝ» ብሎ ዩኒፎርሙን ለብሶ ወጣ። የሙሽሮቹ መኪና ደግሞ እንደ ፈረደበት ዞሮ ዞሮ የሱው መስቀለኛ መንገድ ላይ ዱብ አለ። ሰውየው እጁን ዘረጋ። ቁም። ከቀኝ የመጣውን አሳለፈ፣ ከግራ የመጣውን አሳለፈ፣ ጎማው የተነፈሰበትን ብስክሌት የሚገፋ ሰውዬ እንኳ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ጠበቀው። ክላክሱ ቢነፋ፣ ሚዜዎቹ ቢለማመጡ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ሙሽሪት ራሷ በሩን ከፈተች፣ ቬሎዋን ሰብስባ አስፋልቱ ላይ ወረደች፣ ቆማ አንገቷን ደፋችለት። ሰውየው አየት አደረጋት፤ እጁን አወረደ፤ በሌላኛው እጁ ጠረግ አድርጎ አሳለፋቸው።

ከዚያ ወዲህ እሱ በመጣበት ሁሉ ትነሳለች። ሕፃን ስታጠባ ተነስታለች፤ ለቅሶ ቤት ሰው ጭኗ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ተነስታለች። እሱ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን «ተቀመጪ» ብሏት አያውቅም። ቤቷ አልገባም፤ ስሟን አይጠራም፤ ለልጁ ሲናገር እንኳ «ያቺ ደህና ናት?» ነው የሚለው። እሷ ደግሞ ትቀልዳለች፤ «ኮቴውን ከጆሮዬ በፊት የሚሰማው ጉልበቴ ነው።»

ቀልድ መስሏት ነበር።

በሽታዋ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ደም ሲጀምራት ለማን ትንገር? አለቃዋ ወንድ፣ ባሏ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ፣ ሴት ልጇ ገና ሕፃን። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል በሽታው ዝም አላለም። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትደርስ ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር ሳምንታት ሙሉ ተመላልሳ ጨረሰች፣ ቆዳዋ ጠቆረ፣ ወገቧ ቀጠነ። «አሁን ዋናው ቀረ፤ ከውስጥ የሚሰጠው» አሏት። እሱን ሊሰጧት ሲሉ ማሽኑ ተበላሸ። ሲጠገን ወረፋው የዳቦ ወረፋ ሆነ። ሐኪሙ ፋይሏን አገላብጦ «ካሁን በኋላ የሚባክን ቀን የለሽም» አላት። እንዲህ ሲል ዐይኗን አላያትም። ያ ነው ያስፈራት።

ጨረሩን የሚያሰላው የፊዚክስ ባለሙያ አንድ ቀጭን ወጣት ነው፤ ድምፁም እንደ ቁመናው ቀጭን፣ ጆሮ ሥር እንደምትዞር የወባ ትንኝ። ሴቶቹ «ሚሊሜትር» ብለውታል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣማ። ገና በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ አስረዳት።

«ይመልከቱ እትዬ፤ ጨረሯ ሩዝ የማታክል ብረት ናት፣ ሽቦ ጫፍ ላይ የተበየደች። ማሽኑ ሽቦዋን እየገፋ በቱቦ ያስገባታል። እዚህ ጋ ቆም ትላለች፤ ፈቀቅ ትላለች፤ እዚያ ጋ ቆም ትላለች። የት ምን ያህል እንደምትቆም የምነግራት እኔ ነኝ።»

«ስትሄድስ ሥራ ትፈታለች?»

«ኧረ አትፈታም! ማብሪያ ማጥፊያ እኮ የላትም። ስትገባም፣ ስትወጣም፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትራመድም ታቃጥላለች። በመቆሟ ከምትሰጠው ሲታይ ትንሽ ነው። ግን ዜሮ አይደለም።»

«ካውያ ናታ!»

«እ?»

«ካውያም ከኮሌታ ወደ እጅጌ ሲያልፍ መንገድ ላይ አይበርድም። አንድ ቦታ ካደረ ደግሞ ጉድህ ፈላ።»

ሚሊሜትር ሳቀ። «እንግዲያው ጨርቁ እርስዎ ነዎት። ሽቦዋ የምትገባበትን ባዶ ብረት ካስገባንልዎ በኋላ ፎቶ እናነሳለን፤ በፎቶው ላይ ነው እኔ መንገዷን የማሰምረው። ከፎቶው በኋላ ጨርቁ ከተንሸራተተ ካውያዋ ዐይን የላትም። በፊት በነበሩበት ነው የምትተኩሰው።»

በፊት በነበሩበት። ይቺ ቃል ገባቻት። አንሶላ ሲተኮስ ጥጉ ሳይታይ ሸርተት ይልና እጥፋት እላዩ ላይ ይተኮሳል። ካውያው ምን አጠፋ? ምንም። ልክ በተባለበት ነው ያለፈው።

ያን ቀን ጠዋት ከወገቧ በታች አደነዘዟት። ብረቱን አስገቡ፣ እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ፋሻ ጠቀጠቁበት፣ ሲቲ ስካን አነሷት። ከዚያ ባለ ጎማ አልጋዋን እየገፉ በመጋረጃ የተከለለች ማቆያ ውስጥ አስገቧት። ሚሊሜትር መንገዱን አስምሮ እስኪጨርስ እዚያ በጀርባዋ ትጠብቃለች። ሲስተሯ ወፍራም፣ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ናት፤ አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«ስሚኝ የኔ እናት። ካሁን ጀምሮ ሐውልት ነሽ። ሐውልት ይገላበጣል? አይገላበጥም። ሐውልት ያስነጥሰዋል? አያስነጥሰውም።»

«ሐውልት ላይ ርግብ ኩስ ብትጥልበትስ ሲስተር?»

«ይችላታል!»

ባሏ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚኒባሱን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ሁለቱም ጠዋት ያዩትን ላለማንሳት ነው ሌላ ሌላውን የሚያወሩት። ከሷ በፊት የገባችው ሴትዮ ወገቧ ሲቆረጥባት በጎኗ ዞረች፤ ብረቱ ወለቀ፤ «ለሌላ ሳምንት» ተብላ ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ያለቀሰችው ለቅሶ ገና ጆሯቸው ውስጥ አለ።

ጥማቱ መጣ። ማደንዘዣው እየለቀቀ ሄደና ታች ያለው ብረት መሰማት ጀመረ፤ ሰው ሆድ ውስጥ በር የተገጠመ ይመስል። ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ጠባሳ ስታይ፣ የኮት ቅርፅ ስታወጣለት፣ ኮቱን በሐሳቧ ስትተኩሰው ቆየች።

ከዚያ ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። ብረት የተመታበት፣ በቀለም ያበደ ጫማ። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚረግጥ አንድ ሰው ነው ያለው።

መጋረጃው ተገለጠ።

እሷ ተነሳሁም አላለች፣ ልነሳም አላለች። ጉልበቷ የደነዘዘ መስሏት ነበር፤ እጇ ግን አልደነዘዘም። ያ የወንድ እጇ አልጋውን ገፋው፣ ደረቷ ከፍ አለ፣ ወገቧ ታጠፈ፣ አንገቷ ተደፋ።

«አትነሺ!» ሰውየው መዳፉን ደቀነ። «አትነሺ ልጄ! በሞቴ! ኧረ በሞቴ!»

ዘገየ። ውስጧ የሆነ ነገር ሸርተት አለ። አላመማትም። አንሶላ ከጠረጴዛ ጫፍ ሲሸሽ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ እጅ ብቻ የሚያውቀው። ቀስ ብላ ተመልሳ ተኛች።

ባሏ አላየም፤ ከበርጩማው ተነስቶ አባቱን ነበር የሚያየው። አፉ እንደ ተከፈተ ቀርቷል። አዛውንቱ ቆቡን አውልቆ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። የብርቱካን ፌስታል እግሩ ሥር አኖረ። ረጅም ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቶሎ ልመጣ ነበር» አለ፤ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት አባባ?» አለ ልጁ።

«ከባድ መጨናነቅ ነበር አልኩህ!»

ልጁ ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። አዛውንቱ ወደሷ ጎንበስ አለ።

«በርቺ እሺ? ልጄ ጠንካራ ናት ብዬ ነው ለሰው የነገርኩት። እንዳታሳፍሪኝ።»

«እሺ አባባ» አለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተያዘችው። ልትናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ምን ብላ? «አባባ እርስዎ በመምጣትዎ ብረቴ ተንሸራተተ» ብላ? ሰውየው ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ቀን ቢመጣ፣ አንድ ቀን «ልጄ» ቢል፣ ያቺኑ ቃል አፉ ላይ ልታሳርርበት? ደግሞስ ቢያወጡት? «ለሌላ ሳምንት» ቢሏት? የሚባክን ቀን የለሽም የተባለችዋ እሷ ናት። ምናልባት አልተንሸራተተም። ምናልባት ፋሻው ነው። ምናልባት፣ ምናልባት፣ ምናልባት። የተቃጠለ ሸሚዝ ለባለቤቱ ስትመልስ የምታጣጥፈው እንዲህ ነበር፤ ጠባሳውን ወደ ውስጥ።

ሲስተሯ ገባች። «ተራሽ ደርሷል ሐውልቴ! አልተንቀሳቀስሽም አይደል?»

አዛውንቱ እያያት ነው።

«የለም» አለች።

ውሸቱ እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ለስልሶ ወጣ።

የሕክምናው ክፍል አረንጓዴ ንጣፍ፣ ነጭ መብራት። መሀሉ ላይ ማሽኑ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚያክል ባለ ጎማ ሣጥን። ከሣጥኑ የወጣውን ቱቦ ውስጧ ካለው ብረት ጋር ገጠሙት። ሲስተሯ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋት ወጣች። ያ የካዝና በር የሚያክለው በር ተዘጋ። ውጭ ሚሊሜትር ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል፤ እሷ ከካሜራው ጋር ብቻዋን ቀረች።

«እትዬ፣ ይሰማዎታል?» አለች ትንኟ ከግድግዳው ውስጥ። «መጀመሪያ ባዶዋ ሽቦ ናት የምትመጣው፤ ጨረር የላትም፤ መንገዱን ልታይ ነው።»

ዝዝዝዝ አለ ሣጥኑ። ባዶዋ ሽቦ ገባች። በዚህ ጊዜ ተስፋዋን ሁሉ ሽቦዋ ላይ ጣለች። ታገኘዋለች! ገብታ «ኧረ ይሄ ቤት ከቦታው ተነስቷል» ብላ ጮኻ ትወጣለች፤ እኔ ሳልናገር፣ ማንም ሳያፍር ይታወቃል። ሽቦዋ እስከ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች።

«መንገዱ ክፍት ነው» አለች ትንኟ ደስ ብሏት።

ለካ ሽቦዋ የምታየው ቱቦው አለመዘጋቱን ነው። ቱቦው ራሱ የት እንደ ተኛ አይታያትም።

«አሁን እውነተኛዋ ናት። ይረጋጉ እሺ።»

ቀይ መብራት በራ። ዝዝዝ። መጣች። ምንም አይሰማም፤ ሙቀት የለ፣ ሽታ የለ። ያ ነው ክፉነቱ። ካውያ ቢሆን ቢያንስ ይሸታል። አሁን የት ናት? ቆመች? ፈቀቅ አለች? ሚሊሜትር የነገራትን ነው የምታደርገው፣ ታማኝ ናት፣ ልክ በተባለችበት፣ በፊት በነበርኩበት። አሁን እዚያ ያለው ምንድነው? ዕጢው ነው? ፊኛዬ ነው? አንጀቴ ነው? አንድ ቀን፣ ገና አዲስ ሳለች፣ የሙሽራ ሱሪ ከካውያዋ ሥር ተንሸራተተ። አለቃዋ ቆሞ እያያት ስለነበር እንዳላየች ሆና ተኮሰችው። ያ እጥፋት ታጠበ፣ ተነከረ፣ አልለቀቀም። ሙሽራው ነው ያለቀሰው፤ እሷ አይደለችም። አሁን ግን ሱሪዋም እሷው፣ አልቃሿም እሷው።

ልጇ ትዝ አለቻት። ጠዋት «እማዬ ስትመጪ አያቴን አስመስይልኝ» ያለቻት።

«አቁሙ!» አለች። ድምፅ አልወጣም፤ ጉሮሮዋ ደርቆ እንደ ወረቀት ነው የተንኮሻኮሸው። ማንም አልሰማም። ሁለተኛም ሞከረች። ከዚያ እጇ ራሱ ተነሳ። ያ ወፍራሙ። ካሜራው ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ተሰካ፣ መዳፉ ወደ ውጭ፣ ጣቶቹ አንድ ላይ። ላውንድሪ ቤት እንደዚያ አድርጋው ያልሳቀ የለም።

ቁም!

ማሽኑ ጮኸ። ሽቦዋ ዝዝዝ ብላ ሮጣ ሣጥኗ ገባች። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ሲስተሯ ቀደመች፣ ሚሊሜትር ተከተለ፣ ከኋላቸው ባሏ፣ ከባሏ ትከሻ በላይ አዛውንቱ። ዘመድ የሚጠብቅበት ወንበር ከስክሪኑ ትይዩ ነው፤ ሁለቱም አይተዋል።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ተንቀሳቅሻለሁ።»

«አሁን?»

«ቅድም። ማቆያው ውስጥ።»

«የለም ብለሽኝ!» ሲስተሯ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ምን አደረግሽ? ተገላበጥሽ?»

እሷ ጣሪያውን አየች። «አስነጠሰኝ።»

አዛውንቱ ዕድሜ ልኩን «መብራቱ አረንጓዴ ነበር» ሲሉት የኖረ ሰው ነው። የውሸት ታርጋ ከሩቅ ይነበብለታል። ቆቡን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ዞረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ኮቴው ሄዶ ሄዶ ጠፋ።

ደግመው ስካን አነሷት። ሚሊሜትር ሲመለስ ፊቱ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ወንበር ስቦ ራሷጌ ተቀመጠ።

«ወደ ውጭ ተንሸራትቷል፤ የትንሽ ጣት ውፍረት አይሞላም። ለእኛ ግን ብዙ ነው።»

«የተሰጠውስ?»

«የመጀመሪያዎቹ ማቆሚያዎች ላይ ቆማ ነበር፤ ከታሰበው ወደ ታች። ስትገባ አንድ፣ ስናስቆማት ስትወጣ አንድ፤ አሁን ደግሞ እንደ አዲስ መግባቷ መውጣቷ አለ። መንገዱም ይቆጠራል ብዬዎት የለ? ሁሉንም ደምሬ ነው አዲሱን የማሰላው።»

«አታወጣውም ግን።»

«ልቆጥረው እንጂ ላወጣው አልችልም እትዬ።»

«እና ዛሬ...?»

«ዛሬ ካለበት እሰጣለሁ። ግን የዕጢው የላይኛው ጥግ ይርቀኛል። እሱን ልድረስበት ብዬ ካስረዘምኳት ፊኛውን ታቃጥለዋለች። ካላስረዘምኳት ጥጉ ያንሰዋል።» አይኖቹን አሸ። «በሚቀጥለው እናካክሳለን። የሚካካሰውን ያህል።»

ሙሉ ልብስ ተኩሶ አንድ ኮሌታ መተው እንዴት እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኮሌታውን ነው። ጥጉ ላይ ማን አለ? የቀረ ሕዋስ፣ አንድ ይበቃዋል። ሐውልት ሆና ተሰጣት። በዚህኛው ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ማታ አይደለም፣ ገና በጠራራ ፀሐይ ነው በሚኒባሱ የተመለሱት። ባሏ ታፔላውን «ልዩ» አድርጎ ተሳፋሪ አልጫነም። ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝቷት ሲነዳ ሲነዳ ድንገት ጠርዝ ላይ አቆመ።

«ማስነጠስ አይደለም አይደል?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ተነሳሽለት።» መሪውን በመዳፉ መታው። «ተነሳሽለት! ሆድሽ ውስጥ ብረት ተተክሎ! ምንድነው እሱ፣ ንጉሥ ነው? ባንዲራ ነው?»

«አባትህ ነው።»

«ቢሆንስ!»

«ልጄ ብሎ ጠራኝ እኮ።» ለቅሶዋ አሁን ገና መጣ። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆሜ የጠበቅኳት ቃል ናት። ተኝቼ ልቀበላት?»

ባሏ ወርዶ በመንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ አለ። ተመልሶ ሲገባ ፊቱን አጥቦታል ወይ አልቅሷል። የአባቱን ስልክ ደወለ። ይጠራል፤ አያነሳም። ማምሻውን ደወለ፤ በማግሥቱም። አያነሳም።

ያ ሳምንት ገሃነም ነበር። ሽንቷ ባቃጠላት ቁጥር «ይኸው፣ በፊት በነበርኩበት» ትላለች። ሆዷ በጮኸ ቁጥር «አንጀቴ ነው» ትላለች። ሲስተሯ በስልክ «ይሄማ ሁሉንም ሴት ያማታል፣ ውሃ ጠጪ» ብትላትም ማን ሊያምን! ሌሊቱን ያንን ጥግ ነው የምታስበው፤ ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጦ፣ ካውያው እንዳልደረሰበት አውቆ ሲስቅባት። ልጅቷ «አያቴን አስመስይልኝ» ስትላት እጇን ልታነሳ ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ እጇ አንሶላው ላይ እንደ ድንጋይ ቀረ። የላውንድሪ ጓደኞቿ ሊጠይቋት መጥተው አንዷ «ምነው የትራፊኩ ምራት፣ ዛሬ ቁም የለም እንዴ?» ብትል የቤቱ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ብርቱካኑ ከነፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንም አልላጠውም። ታች ያለችው አንዷ መሻገት ጀምራለች። ጥጉንም አማቷንም ባንድ ቀን አጣች፤ አንዱን ላለማስቀየም ብላ ሁለቱንም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ደረሰ። እንደገና ማደንዘዣ፣ እንደገና ብረት፣ እንደገና ፋሻ፤ አሁንስ ሲስተሯ የቤት መሠረት እንደሚደለድል ሰው ነው የጠቀጠቀችው። እንደገና ስካን። ሚሊሜትርን እጁን ያዘችው።

«ያቺ ጥግ ትደርስባታለህ?»

«እሞክራለሁ።»

«ይበቃታል?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አየችው ሲፈልግ። «ከሦስት ወር በኋላ ነው የምናውቀው እትዬ» አለና ሄደ።

ያቺው ማቆያ፣ ያው የኮት ጠባሳ ጣሪያው ላይ። ባሏ ፎርም ላይ ማኅተም ሊያስመታ ወጥቷል። ብቻዋን ናት። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ ኮቴ የሚባል የለም። ስለዚህ ምንም አልጠበቀችም። ዐይኗን ወደ መጋረጃው ሥር ጣል ስታደርግ ግን ሁለት እግር ቆሟል። ጫማ የለውም። ግራጫ ካልሲ፣ አንደኛው አውራ ጣቱ ጋ የተጣፈ።

የመጋረጃው ስንጥቅ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ መዳፍ፣ ከዚያ ክንድ እስከ ክርን ወጣ። ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። መዳፉ ወደሷ።

«እንዳትነሺ» አለ መጋረጃው። «እኔ አልመጣሁም።»

ጉልበቷ ተነሽ ተነሽ አላት። ቀኝ እጇ አልጋውን ሊገፋ ሲል በግራዋ ያዘችው።

«ማንም አልመጣም» አለ ድምፁ፣ ተሰብሮ። «መንገዱ ዝግ ነው። ሰምተሻል?»

እሺ አባባ ልትል አልደፈረችም፤ ቃል ሲወጣ ሆድ ይንቀሳቀሳል። ከሆዷ ሥር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፣ ሳቅ። ያ ሰውዬ፣ ያ ግርማ ሞገስ፣ ጫማውን በብብቱ ይዞ በካልሲ ኮሪደር አቋርጦ! ሳቁን በጥርሷ ያዘችው። እንባዋ ግን ማን ሊይዘው፤ በሁለቱም በኩል እየወረደ ጆሮዋ ውስጥ ተጠራቀመ። አልጠረገችውም።

እጁ አልወረደም። ይንቀጠቀጣል፣ ዝቅ ሊል ይላል፣ መልሶ ቀጥ ይላል። አንዴ ሌላኛው እጅ ከሥሩ መጥቶ ክርኑን ደገፈው፤ አንደኛው ጫማ ወለሉ ላይ ቋ ብሎ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

ሲስተሯ ስትመጣ እንደዚያው አገኘችው።

«አባት፣ ምን እየሠሩ ነው እዚህ? ተራዋ ደርሷል። እጅዎን ያውርዱና እንለፍ።»

የአልጋው ፍሬን ቀጭ ብሎ ተለቀቀ። መጋረጃው ተገለጠ። አዛውንቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ በካልሲ፣ አገጩ ተሰቅሎ፣ ዐይኑ ቀይ ደም መስሎ ቆሟል። እጁን አወረደ። በሌላኛው እጁ ጠረግ አድርጎ አሳለፋቸው።

እሷ አንገቷን አልደፋችም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አለፈች።